ኤስኤቲ ከሰሜን ሸዋ፦ ነጥብ የሚፈስበትን ቀዳዳ ፈልጎ መድፈን

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ኤስኤቲ ከበደኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ማትሪክ ላይ ስለሚፈተነው አፕቲትዩድ ነው። ይህ ማብራሪያ ስለ ሌላኛው ነው፤ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ስለሚያዘጋጀውና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካች ሲመርጡ ስለሚያዩት ፈተና። በስም ስለሚመሳሰሉ በአፕቲትዩድ ዎርክሺት ለዚህኛው የሚዘጋጅ ተማሪ አይጠፋም። ድካሙ ጨርሶ ከንቱ ነው ባይባልም፣ የአሜሪካው ኤስኤቲ የቃላት ዝምድና መጠየቅ ከተወ ቆይቷል፤ «ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው» የሚል የተከታታይ ቁጥር እንቆቅልሽም የለውም።

መጀመሪያ ፈተናው ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። በኮሮና ጊዜ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱን መጠየቅ ትተው ነበር። ኤምአይቲ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ግዴታውን መለሰ፤ በ2024 ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ካልቴክና ሃርቫርድ ተከተሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ደግሞ ውጤቱን ብትልኩም አያዩትም። መመዝገቢያው ከውጭ አገር ለሚፈተን ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ የኮሌጅ ቦርድ የክፍያ ነፃ ዕድል ደግሞ ለኢትዮጵያ ተማሪ አይደርስም። ስለዚህ የምታመለክቱባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ገጽ አንድ በአንድ ሳታዩ ብር አታውጡ።

ስንት ማምጣት ይበቃል? ሃርቫርድ ከሚቀበላቸው ውስጥ መካከለኛው ግማሽ በግምት ከ1500 እስከ 1580 ነው፤ ጣሪያው 1600 መሆኑን ልብ በሉ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም። ዳርትማውዝ በ2024 ግዴታውን ሲመልስ ከሰጠው ምክንያት አንዱ፣ እምብዛም ዕድል ካላገኙ ትምህርት ቤቶች የመጡ አመልካቾች 1400 አካባቢ እያላቸው «ያንሳል» ብለው መደበቃቸው ነው፤ ቢልኩት ይጠቅማቸው ነበር። ከመሐል ሜዳ ወይም ከእነዋሪ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣ 1400 ከውድ የግል ትምህርት ቤት ከመጣ 1400 ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

የፈተናው አካል

ፈተናው ከ2023 ጀምሮ በውጭ አገር፣ ከ2024 ጀምሮ በአሜሪካም በኮምፒውተር ሆኗል። ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ይሰጣል፤ መተግበሪያው በላፕቶፕ ወይም በአይፓድ እንጂ በስልክ አይሠራም። ሁለት ክፍል አለው። የንባብና ጽሕፈቱ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ፤ በመካከል 10 ደቂቃ እረፍት። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ሞጁል ይከፈላል። ስለዚህ በንባብ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 71 ሰከንድ፣ በሒሳብ 95 ሰከንድ ይደርሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሞጁል ለሁሉም ሰው ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛው ግን በመጀመሪያው እንደ ሠራችሁት ይለያያል፤ ደህና የሠራ ወደ ከባዱ ይላካል፣ ያልሠራ ወደ ቀለል ያለው። ቀለል ያለው የደረሰው ተማሪ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ የሚያገኘው ነጥብ የተገደበ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞጁል ላይ በችኮላ የሚጠፋ ቀላል ጥያቄ ውድ ነው፤ ሁለተኛው ሞጁል ላይ የሚያቅተው ከባድ ጥያቄ ያን ያህል አይጎዳም። «ሁለተኛው ከበደኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከበደ ማለት የመጀመሪያውን በደንብ ሠርታችኋል ማለት ሊሆን ይችላል። በየሞጁሉ ነጥብ የማይሰጥባቸው፣ ለሙከራ የገቡ ሁለት ሁለት ጥያቄዎችም አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይታወቅም። ለተሳሳተ መልስ ቅጣት የለም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

የስህተት ደብተር

የሚጀመረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብሉቡክ ነፃ የልምምድ ፈተና ነው። አንዱን ሰዓት ይዛችሁ፣ በአንድ ቁጭታ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ሥሩ። እነዚህ ነፃ ፈተናዎች ጥቂት ናቸው። በየቀኑ አንድ እየሠሩ በሁለት ሳምንት መጨረስ ተማሪዎች ከሚሠሩት ጥፋት ሁሉ የከፋው ነው፤ ዘርን እንደ መብላት ያለ ነገር ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ይበቃል። በመካከል ያለውን ጊዜ የኮሌጅ ቦርድ የጥያቄ ባንክና ካን አካዳሚ የተባለው የመማሪያ ድረ ገጽ ይሙሉት፤ ሁለቱም በነፃ ነው። የጥያቄ ባንኩ በርዕስና በክብደት እየለየ በፒዲኤፍ ያወርዳል። ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት ወረዳ ያለ ተማሪ ደብረ ብርሃን በወጣበት ቀን የሁለት ወር ሥራ አውርዶ መመለስ ይችላል። ሲያወርድ በልምምድ ፈተናዎቹ ውስጥ ያሉትን ጥያቄዎች የሚያስቀረውን ምርጫ ይጫን፤ ያለዚያ ፈተናዎቹን ሳያውቅ አስቀድሞ ያያቸዋል።

ከዚያ ደብተር ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ስህተት ጥያቄውን፣ የመረጣችሁትን፣ ትክክለኛውንና የተሳሳታችሁበትን ምክንያት ጻፉ። ምክንያቱ ከአራት አያልፍም፦ አላውቀውም፣ አሳስቼ አነበብኩት፣ ጊዜ አጠረኝ፣ ወይም ገምቼ ነው። ገምታችሁ ያገኛችሁትንም መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ላይገኝ ይችላል። መልሱን አይቶ «ኦ! ይሄማ አውቀዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። መልሱን ሸፍናችሁ ከሳምንት በኋላ፣ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሥሩት። ሦስተኛው ላይ ካልተሳሳታችሁ ይሰረዝ። አምስት ገጽ ሲሞላ የራሳችሁ ቀዳዳ ይታያል። አንዱ በኮማ ይፈሳል፣ ሌላው በመቶኛ፣ ሌላው 20ኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ በሚያልቅበት ጊዜ።

ሰዋስው፦ ርካሹ ነጥብ

ከአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ብዙዎቹ ንባቡን ሲፈሩ ሰዋስውን ይንቁታል። የምንመክረው ተቃራኒውን ነው። የንባብና ጽሕፈቱ ክፍል ሩብ ያህል የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ሕጎቹም ጥቂት ናቸው፣ በደንብ ከተያዙ በሦስት ሳምንት ያልቃሉ። ቃላት ግን ዓመት ይፈጃሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር ለሰዋስው ስጡ።

ዋናውን ወጥመድ የምንሸከመው ከአማርኛ ነው። «ገበያ ሄዶ፣ በግ ሸጦ፣ ጨው ገዝቶ ተመለሰ» እንላለን፤ ሰረዙ ያያይዛል፣ ግሡም ራሱ «ገና አልጨረስኩም» ይላል። የእንግሊዝኛው ዋና ግሥ እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቆይም። «ሂ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት» ካለ ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋ፤ «ሂ ሶልድ ኤ ሺፕ»ም ራሱን ችሏል። ሁለቱን በኮማ ብቻ ማገናኘት ስህተት ነው። ወይ ነጥብ፣ ወይ ሴሚኮለን (;)፣ ወይ ኮማ ከ«ኤንድ»፣ ከ«በት» ወይም ከ«ሶ» ጋር ይግባ። እዚህ ላይ «ሃውኤቨር» ያሳስታል። በአማርኛ «ግን» ስንል «ነገር ግን» ስንል ለውጥ ስለሌለው «ሃውኤቨር»ን እንደ «በት» እናየዋለን። አይደለም፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባ ከፊቱ ሴሚኮለን ወይም ነጥብ ይፈልጋል። ከዚሁ የሚወለድ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ሁለት ምርጫዎች አንድ ቃል ይዘው አንዱ በነጥብ አንዱ በሴሚኮለን ብቻ ከተለያዩ ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለት ትክክለኛ መልስ ሊኖር ስለማይችል ሁለቱንም ሰርዙ።

ሁለተኛው የባለቤትና የግሥ ስምምነት ነው። በአማርኛ «ከአንኮበር የተገኙ የብራና መጻሕፍት ስብስብ ጠፋ» ስንል ዋናው ስም፣ «ስብስብ»፣ ግሡ ጎን ነው የሚቀመጠው። በእንግሊዝኛ ግን ዋናው ስም መጀመሪያ ይመጣና «ዘ ኮሌክሽን ኦፍ ማኑስክሪፕትስ ፍሮም አንኮበር» ብሎ ከግሡ ይርቃል፤ ግሡ ጎን የሚገኘው የብዙ ቁጥሩ «ማኑስክሪፕትስ» ወይም ሌላ ስም ነው። ጆሯችን በልማድ ከጎኑ ያለውን ይሰማና «ኢዝ» ማለት ሲገባው «አር» ይመርጣል። መድኃኒቱ በ«ኦፍ» ወይም በ«ፍሮም» የተጀመረውን ሁሉ በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማንበብ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። በዳሽ የተከፈተ ማስገቢያ ሐሳብ በዳሽ ይዘጋል፣ በኮማ የተከፈተ በኮማ፤ አይቀላቀሉም። ኮለን (:) ደግሞ ከፊቱ ያለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ብቻ ይገባል።

ቃላትና ንባብ

አንቀጾቹ አጭር ናቸው፤ ከ25 እስከ 150 ቃል፣ ለእያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ብቻ። ጥያቄዎቹ በዓይነት ተከታትለው ይመጣሉ፦ መጀመሪያ የቃላት፣ ቀጥሎ የንባብ፣ ከዚያ ሰዋስው፣ መጨረሻ ላይ የሐሳብ ማያያዣና የማስታወሻ ማጠቃለያ። በንባቡ ቀስ የሚል ተማሪ እስከ ሰዋስው ሳይደርስ ጊዜው ያልቅበታል። አማራጭ አለ፦ ሞጁሉ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ሰዋስው ዘልሎ፣ እስከ መጨረሻው ሠርቶ፣ ወደ 1ኛው መመለስ። ብሉቡክ በአንድ ሞጁል ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ይፈቅዳል። ለሁሉም ሰው ይሠራል አንልም፤ በልምምድ ፈተና ሳይሞከር በዋናው ላይ አይደረግ።

የቃል ጥያቄ የሚጥለው በማናውቀው ቃል ብቻ አይደለም፤ በምናውቀው ቃል ሁለተኛ ትርጉምም ነው። «ኖቭል» ልቦለድ ነው ብለን ቆይተናል፤ በሳይንስ አንቀጽ ውስጥ «አዲስ» ማለት ነው። «ቻምፒየን» እንደ ግሥ ሲመጣ «ደገፈ፣ ተሟገተለት» ነው። «ኳሊፋይ» ደግሞ «አጠበበ፣ ገደብ አበጀለት» ይሆናል። ቃልን ከነትርጉሙ ብቻ ደርድሮ መሸምደድ ለዚህ አይረዳም፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ባዶ ቦታውን በአማርኛም ቢሆን በራሳችሁ ቃል ሙሉት፤ ከዚያ የሚመስለውን ፈልጉ። መጀመሪያ ምርጫዎቹን ያነበበ ሰው አራቱም ትክክል ይመስሉታል።

በንባብ ጥያቄ የተሳሳተ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ግን አንቀጹ ያላለውን እውነት ነው። «ሁልጊዜ»፣ «ብቸኛው»፣ «አረጋገጠ» የሚል ጠንካራ ቃል ካያችሁ አንቀጹ ያን ያህል ደፍሮ ተናግሮ እንደሆነ ፈልጉ። ካልተናገረ ይጣል።

ሒሳብ

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እዚህ መተማመኛ አለው። ካልኩለስ አይጠየቅም፤ አልጀብራና የላቀ አልጀብራ አንድ ላይ 70 በመቶ ያህል ናቸው፣ የቀረው መረጃ ማንበብ፣ ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ ነው። ነጥብ የሚፈሰው ባለማወቅ ሳይሆን የተጠየቀውን ባለማየት ነው። ምሳሌ፦ «3ኤክስ + 7 = 22 ከሆነ 6ኤክስ + 14 ስንት ነው?» የለመደ እጅ ወዲያው ኤክስ 5 ነው ይላል፤ ምርጫዎቹ ውስጥ 5 ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የተጠየቀው ግን የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ መልሱ 44። ኤክስን መፈለግም አላስፈለገም። የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር አስቀድሞ ማንበብ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል።

መቶኛም እንዲሁ ነው። 10,000 ብር የነበረ የመንዝ በግ ለበዓል 20 በመቶ ቢጨምር 12,000 ይሆናል፤ ከበዓል በኋላ 20 በመቶ ቢወርድ ወደ 10,000 አይመለስም፣ 9,600 ነው። ሁለተኛው 20 በመቶ የተሰላው ከ12,000 ነውና። የናሙና ጥያቄም አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዕጣ ተመርጠው የተጠየቁ ሰዎች ስለዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ስለ ሰሜን ሸዋ ወጣት ሁሉ አይናገሩም።

ማትሪክ ላይ ካልኩሌተር ስለማይገባ እጃችን በስሌት ፈጣን ነው፤ ዴስሞስን ግን አናውቀውም። ዴስሞስ ብሉቡክ ውስጥ አብሮ የተሠራ ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ነው፣ በሁለቱም የሒሳብ ሞጁሎች ይፈቀዳል። «የዋይ = ኤክስ² − 6ኤክስ + ሲ ግራፍ ዋይ = −4ን አንድ ቦታ ብቻ ይነካል፤ ሲ ስንት ነው?» ቢባል ሁለቱንም መስመር ጽፋችሁ ለሲ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ ትከፍታላችሁ፤ ኩርባው መስመሩን ነክቶ ሳይቆርጠው የሚቆምበት 5 ላይ ነው። በእጅ ሁለት ደቂቃ የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሁለት እኩልታ ሲሰጥም ጽፎ መገናኛቸውን መጫን ነው። ግን 2ኤክስ = 14ን ዴስሞስ ውስጥ የሚጽፍ ተማሪም አይተናል፤ ያ ጊዜ መጣል ነው።

ከሒሳቡ ሩብ ያህል ምርጫ የለውም፤ መልሱ ይጻፋል። አጻጻፉን ባለማወቅ ትክክለኛ መልስ ይበላሻል። ሦስት ተኩልን 3 1/2 ብላችሁ አትጻፉ፣ 7/2 ወይም 3.5 ይሁን። ሁለት ሦስተኛን 2/3 ወይም 0.667 ብትሉ ይቀበላል፤ 0.67 ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ቦታው እስኪሞላ አልተጻፈም። የመቶኛ ምልክት፣ የብር ምልክት፣ የሺህ መለያ ሰረዝ አይገባም።

ምዝገባው፣ ላፕቶፑና መንገዱ

የመፈተኛ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ ወንበር ስለሚሞላ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ መመዝገብ ይሻላል። ስማችሁ በፓስፖርት ላይ እንደ ተጻፈው በፊደሉ ልክ ይመዝገብ። በ8ኛ ክፍል ካርድ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም በር ላይ ያስመልሳል። የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደሚገባም ከፓስፖርቱ ይታይ።

ጊዜውን ከማመልከቻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቀድመው የሚያመለክቱ ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22 አካባቢ፣ በመደበኛው የሚያመለክቱ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና በ11ኛ ክፍል የካቲት ወይም መጋቢት፣ ሁለተኛው ነሐሴ ወይም መስከረም መጨረሻ ቢሆን ደህና ነው። በ12ኛ ክፍል ግንቦት ላይ መፈተን ከማትሪክ ዝግጅት ጋር ያጋጫል።

ላፕቶፕ የሌለው ቀድሞ ይዋስ፣ ግን ባትሪውን ይፈትነው። ቻርጅ ሳይሰካ አራት ሰዓት ካልቆየ አይሆንም። ማውስ ይዞ መግባት ይቻላል። በፈተናው ሳምንት ብሉቡክን ከፍታችሁ ማዋቀሩን ጨርሱና የመግቢያ ወረቀቱን አውጡ፤ ይህ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ወደ ፈተናው ቀን አይተላለፍ። በፈተናው መካከል ኔትወርክ ቢቋረጥ አትደንግጡ፤ መልሱ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጀመርና ሲላክ ነው። ካልተላከ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ወዲያው ላኩት፤ መተግበሪያውን ግን አታጥፉ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በፈተናው ጠዋት መነሳት ቁማር ነው፤ ጭጋጉም መንገዱም አይታመንም። አርብ ገብታችሁ እደሩ። ወረቀቱ ላይ 7:45 ካለ በእኛ ሰዓት ጠዋት 1:45 ነው፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሰ አይገባም።

ውጤቱ ሁለት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ ይመጣል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከየፈተናው ከፍተኛውን ክፍል ወስደው ይደምራሉ፦ በመጋቢት ሒሳብ 720 ንባብ 600፣ በነሐሴ ሒሳብ 690 ንባብ 680 ቢሆን የሚቆጠረው 1400 ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ፈተና ዝቅ ያለውን ክፍል ብቻ ይዞ መዘጋጀት ያዋጣል። ሦስተኛ መፈተን የሚያስፈልገው የስህተት ደብተሩ ገና ያልተደፈነ፣ በስም የሚጠራ ቀዳዳ ካሳየ ነው፤ ካላሳየ ያን 100 ዶላርና ያን ሁለት ወር ለማመልከቻው ጽሑፍ አውሉት።